በጭቃው መዝገብ ላይ የጻፍኩት ቁጥር

ይህ ነገር የደረሰው የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል ነው። እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ወንዝ ስወርድም ስመለስም በተደፈነው ጉድጓድ አጠገብ ስለማልፍ ግን አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ አጻጻፌ ቢጎድል ይቅር በሉኝ። ስሜንም ባታወጡት ደስ ይለኛል።

መንደራችን ቋራ ውስጥ ነው፣ ከገለጉ ራቅ ብሎ። ክረምት ላይ ውሃ ሞልቷል። ከጥር በኋላ ግን ጅረቶቹ ይደርቃሉ። ያኔ እስከ ሽንፋ ወንዝ ወርደን፣ አሸዋውን በእጃችን ቆፍረን፣ የሚቋጥረውን ውሃ በጣሳ እየጨለፍን ጀሪካን እንሞላለን። ደርሶ መልሱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እናቴ በዚህ መንገድ ከልጅነቷ ጀምራ ተመላልሳበታለች። ወገቧ የጎበጠው በእርጅና አይደለም፤ ገና ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላትም።

የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍረው መኪና የመጣ ቀን መንደሩ ነቅሎ ወጥቶ ነው የተቀበለው። እናቴ አዲስ ቢጫ ጀሪካን ገዛችና ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። "ይሄ ወንዝ አይወርድም። ይሄ የቦኖው ነው" አለች። ማንም እንዲነካው አትፈቅድም ነበር።

እኔ ለቆፋሪዎቹ ምግብ አብሳይ ሆኜ ተቀጠርኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይን አፋር ነኝ። ሰው ፊት ልናገር ስል ጉሮሮዬ ይዘጋል፤ የሻሼን ጫፍ አፌ ላይ እይዛለሁ። ትምህርት ቤት እያለሁ መልሱን እያወቅሁት ዝም ብዬ ስንት ጊዜ ዜሮ አግኝቻለሁ። ስለዚህ ሥራው ተስማማኝ። ከድስት ጋር ስውል የሚያናግረኝ የለም።

ከቆፋሪዎቹ መካከል ጭቃውን የሚቆጣጠር አንድ የጎጃም ሰው ነበር። ደረጀ እለዋለሁ፤ ስሙ ግን ይህ አይደለም። ጉድጓድ ሲቆፈር ጭቃ እንደሚያስፈልግ ያወቅሁት ከእሱ ነው። ከመኪናው አጠገብ ሁለት ጉድጓዶች ቆፍረው፣ ውሃ ሞልተው፣ ቤንቶናይት የሚባል ዱቄት የመሰለ አፈር ይበጠብጡበታል። ያ ጭቃ በፓምፕ ተገፍቶ በብረት ዘንጉ ውስጥ እስከ ታች ይወርዳል፤ የተቆፈረውን ድንጋይና አሸዋ ይዞ በዘንጉ ዙሪያ ተመልሶ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ሲዞር ይውላል።

አንድ ቀን ሻይ ይዤለት ሄድኩ። በግራ እጁ ላዩ ሰፊ፣ ታቹ ቀጭን የሆነ ፈነል ይዞ በጣቱ ደፍኖታል። በቀኝ እጁ ጭቃ እየሞላበት ነው። ስልኩን የሚይዝበት እጅ ሲያጣ እንደ እህት ጠራኝ።

"እታለም፣ ነይማ! ስልኩ ላይ ያለችውን ሰዓት ጣቴን ሳነሳ አስነሻት። ከሥር ያለው ጆግ እስከዚህ መስመር ሲሞላ አቁሚያት።"

እንዳለኝ አደረግሁ። አርባ ሁለት ሰከንድ ሆነ።

"የጠዋቱ ከዚህ ይወፍር ነበር" አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እኔኑ አስደነገጠኝ።

ደረጀ ቀና ብሎ አየኝ። መዝገቡን ገልጦ የጠዋቱን ቁጥር ተመለከተ፤ አርባ ስድስት ነበር። "በዓይንሽ ነው እንዴ ያወቅሽው?" አለኝ።

"ገንፎ እንኳ ሲቀጥን ያስታውቃል" አልኩት። በጣም ሳቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳና እራት መሐል ጭቃ መለካት የኔ ሥራ ሆነ። ንጹሕ ውሃ በፈነሉ ሃያ ስድስት ሰከንድ ይፈጃል። ጭቃው ከዚያ በበለጠ ቁጥር ወፍራም ነው ማለት ነው። ክብደቱን ደግሞ በሚዛን እመዝነዋለሁ። ሦስተኛው ሥራ የአሸዋው ነው። ቁጥር ባለበት የመስታወት ቱቦ ውስጥ ጭቃና ውሃ ጨምሬ እንጠዋለሁ፤ በደቃቅ ወንፊት አጥበዋለሁ፤ በወንፊቱ ላይ የቀረውን አሸዋ ወደ ቱቦው መልሼ ሲዘቅጥ ስንት ቁጥር ላይ እንደሚደርስ አነባለሁ። ሁሉንም መዝገቡ ላይ እጽፋለሁ። ዱቄቱ ሲጨመርም ደረጀ አጠገቤ ቆሞ፣ "ቀስ እያልሽ በትኚው፤ እንዳይጓጉል" ይለኛል።

"ብረቱ መቆፈር እንጂ ሌላ አያውቅም" ይለኝ ነበር። "ጉድጓዱ እንዳይደረመስ ግድግዳውን ገፍቶ የሚይዘው ይሄ ጭቃ ነው። ሰከንዱን ብቻ አይተሽ አትመኚው። አሸዋ የበዛበት ጭቃ ወፍራም መስሎ ይታያል፤ ፓምፑ የቆመ እለት ግን አሸዋው ሁሉ ታች ይተኛና ብረቱን ይቀብረዋል።"

የመንደሩ ሴቶች መጥተው ያዩኝና ይስቁብኝ ነበር። "እሰይ፣ የጭቃዋ ነርስ! ዛሬስ ትኩሳቱ ስንት ነው?" ይሉኛል። እኔም ራሴን ደፍቼ እስቃለሁ። ነርስ መባሉ ደስ ይለኝ ነበር። እናቴ ማታ ማታ፣ "ዛሬ ስንት ገባ?" ትለኛለች። ጥልቀቱን ስነግራት ወደ ጀሪካኑ ታያለች።

አርባ ሜትር አካባቢ ልቅ አሸዋና ጠጠር መጣ። ቆፋሪዎቹ ተደሰቱ፤ ውሃ ያለው እንዲህ ያለው ቦታ ነው። ደረጀ ግን አልተደሰተም። ለዚህ ወፍራምና ንጹሕ ጭቃ ያስፈልጋል፤ የቀረን ደግሞ አራት ጆንያ ቤንቶናይት ብቻ ነው። ሌላ ሊያመጣ ወደ መተማ ዮሐንስ ሊሄድ ተነሣ። ከመሄዱ በፊት ለሳይቱ ኃላፊ እኔ እየሰማሁ ነገረው።

"እስክመጣ አትቆፍሩ። ጭቃውን ብቻ አዙሩት።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አሸዋው ከሁለት ካለፈ ለኃላፊው ንገሪው። ጮክ ብለሽ ንገሪው፣ እሺ? በሻሽሽ ውስጥ ሆነሽ አይደለም።"

"እሺ" አልኩ፤ በሻሼ ውስጥ ሆኜ።

በሦስት ቀን እመጣለሁ ያለው ደረጀ በሦስተኛው ቀን አልመጣም። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቷል ተባለ። በሱዳን በኩል ሰማዩ መጥቆር ጀመረ። የኛ መሬት ጥቁር ዋልካ ነው፤ አንድ ጊዜ ደህና ዝናብ ከጣለበት እንኳን ያን የሚያህል መኪና እግረኛም አያሳልፍም። ኃላፊው ቀኑን ሙሉ ሰማይ ሰማዩን እያየ ይራገማል። ዝናቡ ከቀደመው መኪናው እስከ መስከረም እዚያው መቅረቱ ነው።

በአራተኛው ቀን አጎቴ አያ ፈንቴ መጡ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ በመንደሩ የእሳቸው ቃል ይሰማል።

"ምነው ቆማችሁ?" አሉ።

"ጭቃ መሥሪያው አፈር አለቀብን" አለ ኃላፊው።

አያ ፈንቴ ዘንጋቸውን መሬቱ ላይ ወጋ አደረጉና ሳቁ። "ትራክተር ውጦ የሚያስቀር ዋልካ ላይ ቆማችሁ አፈር አለቀብን ትላላችሁ? በሱዳን ሐፊር እያሉ የዝናብ ውሃ የሚያቁሩት በምን መስሎሃል? በዚሁ አፈር እኮ ነው። አንዲት ጠብታ አያሾልክም!"

ኃላፊው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጭብጥ አፈር አነሣ፤ ውሃ ጠብ አድርጎበት በጣቶቹ መሐል አሸው። ሙጫ ይመስላል። ቀና ብሎ ሰማዩን አየ።

"ስንት ሰው ታወጣላችሁ?" አለ።

በማግስቱ ጠዋት ደቦ ተጠራ። ወንዱ ይቆፍራል፣ ሴቱ ይሸከማል፣ አህያ ይጫናል። እየዘፈኑ ነው የሠሩት። እናቴ እንኳ በዚያ ወገቧ በሳፋ ተሸክማ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። "አንቺ ተይ፣ ወገብሽን" ስላት "ለውሃዬ ነው" አለችኝ። ዋልካውን አደቀቁት፤ ከቀሩት አራት ጆንያዎች ጋር በጠበጡት። የጭቃው መበጥበጫ ጉድጓድ ጥቁር ሆነ።

ኃላፊው ጠራኝ። "ነርሷ፣ ለኪው እስቲ!"

ሰው ከበበኝ። ፈነሉን ሞላሁ፤ ጣቴን አነሣሁ። አርባ አምስት ሰከንድ።

"ይኸው!" ብሎ ጮኸ ኃላፊው። አያ ፈንቴ ዘንጋቸውን ወደ ላይ አነሡ። እልል ተባለ።

ሰዉ ሲጨፍር እኔ ቱቦውን ይዤ ዞር አልኩ። ናጥኩት፤ በወንፊት አጠብኩት። ወንፊቱ ላይ የቀረው አሸዋ ብዙ ነበር። መልሼ ቱቦው ውስጥ ጨመርኩትና እስኪዘቅጥ ጠበቅሁ። ደረጀ እያለ አንድ ነበር፤ ቢበዛ አንድ ተኩል። አሁን ሰባት ሆነ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። ያው ሰባት።

ቱቦውን ይዤ ወደ ኃላፊው ሄድኩ። አጎቴ አጠገቡ ቆመዋል። እናቴም ከሴቶቹ ጋር እጇን እየታጠበች ነበር።

"ጋሼ" አልኩ።

"ምንድን ነው?"

"አሸዋው…"

"አሸዋው ምን ሆነ? ሰከንዱ ስንት ነው?"

"አርባ አምስት።"

"በቃ! ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?"

ቱቦውን ዘረጋሁለት። አየው። እንዳየው እኔ አይቻለሁ። ዓይኑ ሰባት ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የትናንቱን ድገሚው" አለኝ።

"ምን ትላለች ልጃችን?" አሉ አጎቴ ደስ እያላቸው።

"ጥሩ ነው እያለች ነው፣ አባቴ" አለ ኃላፊው።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለአጎቴ "ያመጡት አፈር አይረባም" ልላቸው ነው። ደቦ ለወጣው ሰው፣ ለእናቴም፣ "በከንቱ ነው የደከማችሁት" ልላቸው ነው። በኛ አገር ሴት ልጅ ሽማግሌን ሰው ፊት አታሳፍርም። ይህን እንደ ምክንያት ለራሴ ስንት ጊዜ አቅርቤዋለሁ። እውነቱ ግን ጉሮሮዬ መዘጋቱ ነው። መዝገቡን ገለጥኩ፤ በአሸዋው ረድፍ ላይ አንድ ብዬ ጻፍኩ። የእጅ ጽሑፌ ቆንጆ ነው። አስተማሪዬም ያመሰግነኝ የነበረው በእሱ ብቻ ነው።

ቁፋሮው ያን ቀንም፣ በማግስቱም ደህና ሄደ። እኔም ጠዋትና ማታ እለካለሁ፤ ሰባት፣ ስምንት ይሆናል፤ አንድ ብዬ እጽፋለሁ። ብረቱ በሰላም ሲወርድ ሳይ፣ "ደረጀ አካብዶት ይሆናል" ማለት ጀመርኩ።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ምሳ ይዤ ሄድኩ። ደረጀ እያለ ምሳ የሚበላው በተራ ነበር፤ ፓምፑ ለአፍታ አይቆምም። ያን ቀን ኃላፊው፣ "ነዳጅ ይሞላ፤ እኛም አንድ ላይ እንብላ" ብሎ አስቆመው። ጭቃው መበጥበጫው ጉድጓድ ውስጥ ረጋ። ዝንብ ሲያርፍበት አየሁ።

ትሪውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አሸዋው ታች እየተኛ እንደሆነ አውቃለሁ። እዚያ ካለው ሰው ሁሉ ይህን የማውቀው እኔና ኃላፊው ብቻ ነን። "ፓምፑን አስነሡት" ማለት ነበር የሚጠበቅብኝ፤ ሁለት ቃል። ከቆፋሪዎቹ አንዱ፣ "ምን ቆመሽ ታይናለሽ? ወጡን አውርጂው እንጂ፣ በረደ እኮ" አለኝ። አወረድኩት።

በልተው ተነሡና ሞተሩን አስነሡ። ዘንጉ አልዞርም አለ። ቢያነሡት አልነሣም፤ ቢጫኑት አልወርድም። ሞተሩ እያቃሰተ ጥቁር ጭስ ተፋ። እስከ አመሻሽ ታገሉት። በመጨረሻ ከታች የጎርፍ ዓይነት ድምፅ ተሰማና በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ መሬቱ ተሰነጠቀ። ሰዎቹ እየጮሁ ሸሹ። መኪናውን ወደ ኋላ ሲያስወጡት የጉድጓዱ አፍ ተደረመሰ። ዘንጎቹ እስከ ዛሬ ድረስ ታች ናቸው።

ደረጀ በማግስቱ ጠዋት ደረሰ። ጭነቱ ሙሉ ቤንቶናይት ነበር። ከመኪናው ዘሎ ወረደና የተደረመሰውን አየ። ጥቁሩን ጭቃ በጣቶቹ መሐል አሸው። ከዚያ መዝገቡን አነሣ።

"እታለም፣ ይቺን አንድ ማን ለካት?"

"እኔ።"

"ለክተሻታል?"

ዓይኔን ከመዝገቡ አሸሸሁ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት ስብሰባ ተጠራ። ከወረዳ አንድ ሰው መጥቶ ነበር። ኃላፊው መዝገቡን ገልጦ አሳየው። "ጭቃው እንደምታዩት ደህና ነበር። ሰከንዱ ደህና፣ አሸዋው አንድ። የለካችው የራሳችሁ ልጅ ናት፤ የእጅ ጽሑፏ ነው። መሬቱ ነው የማይሆነው" አለ።

ደረጀ ተነሣ። "አሸዋው አንድ አልነበረም። ልጅቷ ታውቃለች" አለ። ወደ እኔ ዞረና በቀስታ፣ "ንገሪያቸው፣ እታለም። ቁጥሩን ብቻ ንገሪያቸው" አለኝ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ኃላፊው አያየኝም ነበር፤ መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው። እናቴ አፏን በእጇ ይዛ ትጠብቃለች። ሻሼን አፌ ላይ ያዝኩ።

"ልጅቷን አታስጨንቋት" አሉ አያ ፈንቴ። "ምን ታድርግ እሷ? መሬቱ እምቢ ካለ እምቢ አለ ነው።"

ተቀመጥኩ። የወረዳው ሰው መሬቱ አይሆንም ብሎ ጻፈ። ደረጀ ጆንያዎቹን ሳያወርድ በዚያው መኪና ሄደ። ሲሄድ አልተሰናበተኝም። መኪናዎቹ በወጡ በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ጣለ።

ከዚያ በኋላ ያ መጠሪያዬ መጣፈጡ ቀረ። ወንዝ ስንወርድ አንዷ፣ "የጭቃዋ ነርስ፣ በሽተኛው ሞተብሽ አይደል?" ብላ ሌሎቹን ታስቃለች። ሌላዋ ደግሞ ሴት እጇን ስለከተተችበት ነው ጉድጓዱ የከፋው ብላ አስወርታለች።

ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። ባለፈው ዓመት ሌላ የቁፋሮ መኪና ወደ ቀበሌያችን መጣ። አያ ፈንቴ ሽማግሌዎች ይዘው ሄደው ለመኑ። "የእናንተ መንደር መሬቱ አይሆንም ተብሎ ተጽፏል" ተባሉ። መኪናው ማዶ ካለው መንደር ቆፈረ። ያው አሸዋ፣ ያው ጠጠር፣ ያው ወንዝ ዳር ነው። ዛሬ እዚያ ቦኖ አለ። እኛ እንሂድ ብንል ከሽንፋም ይርቃል።

አያ ፈንቴ ከልመናው ሲመለሱ በኛ ቤት በኩል አለፉ። ደክሟቸው ነበር። "ዋልካችን እንኳ አላሳፈረንም ነበር፤ መሬቱ ነው ያሳፈረን" አሉኝ። ውሃ ሰጠኋቸው። ጠጥተው መረቁኝ። ከስድቡ ሁሉ ይልቅ ያ ምርቃት ነው የሚያቃጥለኝ።

ኃላፊው ዋሽቷል። ግን እሱ የዋሸው በኔ እጅ ነው፤ እጄን ደግሞ ማንም አልጠመዘዘውም። ሰዎች ዓይን አፋርነቴን እንደ ጨዋነት ያዩልኛል። "ዝም ያለች ልጅ" እያሉ ያመሰግኑኛል። ይህን ሲሉ ስሰማ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እላለሁ።

በዚህ በጋ የእናቴ አሮጌው ጀሪካን ተቀደደ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አውርዳ አቧራውን ጠረገችው። እኔን አሸክማኝ በአሮጌው መንገድ አብረን ወደ ወንዝ ወረድን። አሸዋውን ቆፍረን ሞላነው። ቤት ደርሼ ሳየው፣ ከጀሪካኑ ታች ጣት የሚያህል አሸዋ ዘቅጧል።

ከዚህ በኋላ ነው ይህን ለመጻፍ የቆረጥኩት። ሰው ፊት ቆሜ መናገር አሁንም አልችልም፤ መጻፍ ግን እችላለሁ። ጉድጓዱን እንደማይመልሰው አውቃለሁ። ይሁን እንጂ የወረዳው ሰው ይህን ያነበበው እንደሆነ፣ ደረጀም ያነበበው እንደሆነ፣ ያን ቀን የተጠየቅሁትን ዛሬ እመልሳለሁ። መሬታችን ምንም አልሆነም። አሸዋው አንድ አልነበረም፤ ሰባት ነበር።